አክሲዮን እና የአውድማ ድርሻ

አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ፣ ልጃቸው ከአዲስ አበባ ገንዘብ ልኮ «የባንክ አክሲዮን ይግዙበት» ቢላቸው፣ የመግዣ ቅጹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። «መምህር፣ ይሄ ነገር ወር በወር ይከፍለኛል?» አሉኝ። አይከፍልም። እኛ ጋ፣ በዋድላዋ ኮን ከተማ ግን «አይከፍልም» ብሎ ሰው መሸኘት ነውር ነውና ቡና እስኪፈላ ተቀምጠን አወራን። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ቀን ወግ ነው፤ ጥቂት ጨምሬበታለሁ።

ነገሩ የእኩል እርሻ ነው

መሬትዎን ለእኩል ሲሰጡ፣ አራሹ ይህን ያህል ኩንታል አገባልዎታለሁ ብሎ አይፈርምም። ክረምቱ ከቀና ከአውድማው ይካፈላሉ፤ ገብሱን ውርጭ ከመታው የሚካፈሉት ጭድ ነው። የአክሲዮን ትርፍ ድርሻም እንዲሁ ነው። ወለድ ግን መሬትን በኮንትራት እንደ መስጠት ነው፤ ዘነበም አልዘነበም የተቆረጠው ገንዘብ ይመጣል። ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ለዓመታት 7 በመቶ ሆኖ የኖረው በዚህ ውል ነው፦ ትንሽ ነው፣ ግን አይቀርም።

ከአውድማ እስከ ኪስ

የባንኮች የሂሳብ ዓመት በሰኔ ይዘጋል። ከዚያ የውጭ ኦዲተር መዝገቡን ይመረምራል። የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ብዙ ጊዜ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ፣ እዚህ እኛ ጋ እህል በሚወቃበት ሰሞን ይቀመጣል። የሚከፋፈለውን የሚያጸድቀው እሱ ነው። እንግዲህ ገንዘቡ የሚገኘው በዓመት አንዴ ነው፤ የወር አስቤዛ በእሱ ላይ አይታሰብም።

ምርቱም ሁሉ አይከፋፈልም። ገበሬ ለዘር ሳያስቀር እንደማይበላ ሁሉ፣ ባንክም ከተጣራ ትርፉ ሩቡን ለሕጋዊ መጠባበቂያ ያስቀምጣል፤ መጠባበቂያው የተከፈለውን ካፒታል እስኪያህል ድረስ። ከሚደርስዎት ላይም ግብር ከምንጩ ይቆረጣል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ 10 በመቶ አድርጎት ነበር፤ አዋጅ ሲሻሻል ምጣኔው ስለሚለወጥ የዓመቱን መጠየቅ ነው።

የመቶኛው ሰምና ወርቅ

ዋድላ የቅኔ አገር ናትና ይህን በሰምና ወርቅ ማስረዳት አይከብደኝም። «ዘንድሮ 35 በመቶ ተከፈለ» ሲባል ሰሙ ደስ ይላል። 35 በመቶው የሚሰላው ግን በአክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው። የተጻፈው 1,000 ብር ከሆነ 350 ብር ይሆናል፤ ግብሩ 10 በመቶ ከሆነ፣ ሲነሳለት 315። ጎረቤቴ ያንኑ አክሲዮን ከሌላ ሰው በ1,800 ብር ገዝተውት ቢሆንስ? 315ን ለ1,800 ሲያካፍሉት ወርቁ ይወጣል፦ 17.5 በመቶ። ከቁጠባ ወለድ ይሻላል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በዚያ ዓመት 17.5 በመቶ ያገኘ ሰው ብሩ ጨምሮ ዘይቱ አንሶበታል።

ሌላም አለ። አዲስ አክሲዮን ከባንኩ የገዙት በዓመቱ መካከል ከሆነ የሚታሰብልዎት ገንዘቡ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። «የጎረቤቴን ያህል ለምን አልደረሰኝም?» የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመነጫል።

በጥሬው ነው ወይስ በወረቀት?

ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጎ የዓመታት ጊዜ ሰጠ። ካፒታሉን ለማሟላት አንዱ መንገድ ትርፉን አለመክፈል፣ ወደ አዲስ አክሲዮን መለወጥ ነው። የበጓን ግልገል ሳይሸጡ እንደ ማሳደግ ነው፤ መንጋው ይበዛል፣ የጨው መግዣ ግን የለም። ወጣት ቢሆን አልጠላም። ለጡረታ ድጎማ ለሚፈልጉ እናት ግን ከመግዛታቸው በፊት የሚጠየቀው ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው፦ ባለፉት ሦስትና አራት ዓመታት በጥሬው ስንት ተከፈለ?

መሸጥ ሲያስፈልግ

በግ ሲቸግር ገበያ ይወጣል። አክሲዮን ግን ለብዙ ዘመን ገበያ አልነበረውም፤ በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ የነበረው የአክሲዮን መገበያያ ከ1966ቱ አብዮት ጋር ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሻጭ ገዢን በወሬ ነበር የሚፈልገው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፈተ፣ ቀድሞ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ገና ጥጃ ነው፤ ወተቱን አሁኑኑ አይጠብቁ።

ከኮን ሳይወጡ መግዛት እንደሚቻል ያሳየው ኢትዮ ቴሌኮም ነበር። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮን በቴሌብር ለሽያጭ አቀረበ፦ አንዱ በ300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። የገዙት 47 ሺህ ያህል ሰዎች ናቸው፤ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ብቻ። ሰው ስልኩ ላይ ገንዘብ መላክ ለምዷል፣ ባለቤትነት መግዛት ግን ገና እንግዳ ሆኖበታል ብዬ አስባለሁ።

በምሥረታ ላይ ያለ ድርጅት

እዚህ ላይ ቁስሌ ነው የሚናገረው። ከዓመታት በፊት በምሥረታ ላይ ላለ አንድ ድርጅት ከደመወዜ ቆጥቤ ከፍዬ ነበር። ድርጅቱ ሳይመሠረት ቀረ፤ ዋናው ከብዙ ምልልስ በኋላ ተመለሰ፣ «የአገልግሎት ክፍያ» የተባለው ግን አልተመለሰም። ደረሰኙን ሳገላብጥ ያ ክፍያ ከመጀመሪያውም አክሲዮን እንዳልነበረ በራሴ ፊርማ ሥር ተጽፎ አገኘሁት።

ጎረቤቴ ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ግማሹን ገንዘብ ለአክሲዮን፣ ግማሹን ለሁለት እናት በጎች አደረጉት። ጉባኤው አዲስ አበባ ነውና ልጃቸው በውክልና እንዲገኝላቸው ተነጋገርን። የመግዣ ቅጹን ስሞላ መታወቂያቸው ላይ የአባታቸው ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ አየሁ። «እሱማ ሳይስተካከል ብሩ ቢመጣም አይሰጡዎትም» ብላቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቀበሌ ተነሡ።