የቀለጠ አሉሚኒየም ሙቀትና የመለኪያው መያዣ

የዛሬው ትምህርታችን አሉሚኒየም ለሚያቀልጡና ለማቅለጥ ለሚያስቡ ነው። አሮጌ ፒስቶን፣ የተሰበረ ድስትና የሽቦ ቁርጥራጭ በከሰል እሳት ይቀልጣል። ከዚያ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ድስትና ክዳን ይሆናል። ወልቂጤ በጅማ መንገድ፣ ቡታጅራ በሆሳዕና መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። መኪና በሚመላለስበት ጋራዥ አለ፤ ጋራዥ ባለበት አሮጌ ፒስቶን አይጠፋም። ስለዚህ ከእርሻ በተረፈው ጊዜ እስቲ ልሞክረው የሚል ወጣት በየማኅበሩ ቢገኝ አይገርምም። ሥራው መልካም ነው። ግን ዓይንና እግር የሚያጠፋ ሥራም ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ማረሻችሁን የሚሠራው ቀጥቃጭ ቴርሞሜትር የለውም። ብረቱን ከፍሙ ያወጣና መልኩን ያያል። ጠቆር ያለ ቀይ ከሆነ ይመልሰዋል። ደመቅ ብሎ ብርቱካን ሲመስል መዶሻውን ያነሳል። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው። ይህን ዕውቀት የያዘ ሰው በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲናቅና ጋብቻ ሲከለከል መኖሩ ያሳፍራል። የናቀውም ሰው ቢሆን ያረሰው እሱ በሠራው ማረሻ ነበር።

ታዲያ ያ ብረት የለመደ ዓይን አሉሚኒየም ላይ ሲደርስ ይታለላል። ብረት የሚቀልጠው 1,538 ዲግሪ ላይ ነው። አሉሚኒየም ግን 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ቀልጦ እንደ ውሃ ሲሆንም መልኩ ያው ብር የመሰለ ነው። በቀን ብርሃን 680 ይሁን 800 ዓይን አይለየውም።

ልዩነቱ ምን ያመጣል? በቂ ካልሞቀ ቅርጹን ሳይሞላ ይረጋል፤ የድስቱ ጎን ይጎድላል። ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ በአካባቢው ካለ እርጥበት ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ይስባል። አሉሚኒየሙ ሲረጋ ያ ጋዝ አረፋ ሆኖ ውስጡ ይቀራል። ድስቱ ላዩን ያምራል፤ ውስጡ ግን እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነው። ገዢዋ ወጥ ስትጥድበት ያንጠባጥባል። ለድስት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ከ700 እስከ 750 ዲግሪ ላይ ማፍሰስ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማጋል ከሰልም ማባከን ነው።

ለዚህ የሚሆነው መለኪያ ቴርሞካፕል ይባላል። ቃሉ አዲስ ስለሆነ ከፋፍላችሁ አንብቡት፤ ቴር-ሞ-ካፕል። ሁለት ዓይነት ሽቦዎች ጫፋቸው ላይ ብቻ ተያይዘው የሚሠራ ነው። ጫፉ ሲሞቅ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህን ነገር ቶማስ ዜቤክ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1821 አግኝቶታል። የመብራት ሠራተኞች ከሚይዙት ቴስተር አንዳንዱ ይህን ኤሌክትሪክ ወደ ዲግሪ ለውጦ በቁጥር ያሳያል። ስትገዙ «ኬ» የሚባለውን ዓይነት ጠይቁ። ከቴስተሩ ጋር አብሮ የሚመጣው በክር የተሸፈነ ቀጭን ሽቦ ግን ለማቅለጫ አይሆንም። ሽፋኑ 400 ዲግሪ አካባቢ ይበላሻል። ወፈር ያለውን፣ እስከ 1,000 ዲግሪ የሚችለውን ፈልጉ።

ሽቦውን ራቁቱን በጉጠት ይዞ መክተትም አይቻልም። የቀለጠ አሉሚኒየም ይበላዋል፤ እጃችሁም ወደ እሳቱ ይቀርባል። ስለዚህ መያዣ እንሥራ።

አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ግማሽ ኢንች የሆነ የብረት ቧንቧ አምጡ። ጥቁሩን ነው የምላችሁ። ነጩ የውሃ ቧንቧ ዚንክ የተቀባ ነው፤ ሲግል የሚወጣው ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። አንዱን ጫፍ በያጅ ይድፈነው። ከዚያ የተደፈነውን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በሌላው በኩል ንፉ። አረፋ ከወጣ ቀዳዳ አለውና እንደገና ይበየድ። ሌላውን ጫፍ ግን በፍጹም አትድፈኑት! ውስጡ የቀረ እርጥበት ሲሞቅ መውጫ ካላገኘ ቧንቧው እንደ ጠመንጃ ይተኩሳል። የእንጨት እጀታውንም ከጎኑ በሽቦ እሰሩት እንጂ አፉ ላይ አትወትፉት። ከተደፈነው ጫፍ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ ቧንቧውን እንደ ክርን እጠፉት። እንዲህ ከሆነ ጫፉ ወደ ታች ሲገባ እጃችሁ ከሙቀቱ በላይ አይሆንም፤ በጎን በኩል ይርቃል።

ሁለቱ ሽቦዎች ቧንቧው ውስጥ ከተነካኩ ቁጥሩ ይዋሻል። እንዳይነካኩ የሸክላ ዶቃ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ከሩቅ አገር ማስመጣት አያሻም፤ ሸክላ የምትሠራዋን እናት ጠይቁ። ጭቃው ላይ በደንብ የተፈጨ ገል ትጨምርበታለች፤ ገሉ እንዳይሰነጠቅ ይረዳዋል። እያንዳንዱ ዶቃ የጣት ጥፍር ያህል ይሁን፤ በቀጭን ሽቦ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ይበጅለት። በጥላ ይደርቅና ከማሰሮው ጋር ይተኮስ። እኔ ከትምህርት ቤት ይዤ የመጣሁት ቁጥሩን ነው፤ ጭቃውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የቀለጠ አሉሚኒየም የቧንቧውንም ብረት ቀስ በቀስ ይበላል። ስለዚህ ወደ ማቅለጫው የሚገባውን ክፍል በወንፊት በተነፋ የሸክላ አፈር ቀጭን ጭቃ ቀቡት። ሲደርቅ ሁለተኛ ቀቡት። ሽፋኑ በተላጠ ቁጥር አድሱት። ቧንቧውም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ ሲሳሳ ይለወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ እንፋሎት ሲሆን 8 ሊትር ገደማ ይሆናል። ጭቃ የተቀባ መያዣ በደንብ ሳይደርቅ ወደ ቀለጠ አሉሚኒየም ቢገባ ውሃው በቅጽበት ይነፋና አሉሚኒየሙን ፊት ላይ ይረጨዋል። አንድ ቀን በጥላ፣ ከዚያ በፀሐይ፣ በመጨረሻ ፍም አጠገብ ይድረቅ። ደረቅ ነው ብላችሁ ግድግዳ ላይ ያንጠለጠላችሁትም የሌሊት ጤዛና የክረምት አየር ያርሰዋል። ስለዚህ በየጊዜው፣ በእያንዳንዱ መክተት ፊት፣ ከማቅለጫው በላይ ጥቂት ደቂቃ ይዛችሁ አግሉት። ማማሰያውም፣ ጭልፋውም፣ የሚጨመረው ፒስቶንም እንዲሁ። መነጽር አድርጉ። የናይለን ልብስ ቆዳ ላይ ይቀልጣልና ጥጥ ልበሱ። ክፍት ጫማ አይሆንም። መሬቱ ላይ ደረቅ አሸዋ አንጥፉ፤ ልጆች አይቅረቡ። እሳት ቢነሳ ውሃ አይደፋበትም፤ ያው ደረቅ አሸዋ ያፍነዋል።

መያዣው ሲያልቅ መለኪያው እውነት መናገሩን ፈትሹ። የኬ ሽቦዎች አንዱን ማግኔት ይስበዋል፤ እሱ ወደ ቴስተሩ አሉታዊ ቀዳዳ ይገባል። ከተገላበጠ ጫፉ ሲሞቅ ቁጥሩ ይወርዳል። ቀጥሎ ጫፉን የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱ። መጽሐፍ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብሎ አንብባችሁ ይሆናል። ያ በባሕር ዳርቻ ነው። ወልቂጤ ወደ 1,900 ሜትር፣ ቡታጅራ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 ወይም 94 ዲግሪ ላይ ነው። 100 አላለም ብላችሁ ደህናውን መለኪያ እንዳትጥሉት። ከፈተናው በኋላ መያዣውን እንደገና ማድረቅ አትርሱ።

ሌላም መፈተኛ አለ። ንጹሕ የአሉሚኒየም ሽቦ አቅልጡና ሲቀዘቅዝ ቁጥሩን ተመልከቱ። ይወርድ ይወርድና 660 አካባቢ ለጥቂት ጊዜ ቆም ይላል፤ መርጋት የጀመረበት ነው። ቀጥ ብሎ ሳይደርቅበት መያዣውን አውጡ። ፒስቶን ግን ሲሊከን ስላለበት ዝቅ ብሎ ነው የሚረጋው። ሽቦው ከመብራት ምሰሶ ተቆርጦ የመጣ ከሆነ አትግዙት፤ የጎረቤት መብራት ነው።

ስትለኩ በላዩ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ ግፉና ጫፉን ከ10 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ አስገቡ። የማቅለጫውን ታች አይንካ። ቁጥሩ መሮጡን ሲያቆም አንብቡ።

በማኅበራችሁ የንባብ ጊዜ ይህን አስሉ። ውሃ 93 ዲግሪ ላይ በሚፈላበት ቦታ መለኪያው 99 አሳየ። ስህተቱ በሁሉም ሙቀት ያው ነው እንበል። የቀለጠው አሉሚኒየም ውስጥ ሲገባ 731 ቢያሳይ እውነተኛው ሙቀት ስንት ነው? ማፍሰስ ይቻላል?