ከአረፋው ወደ ተዳፋቱ፦ በማዕበል ላይ በጎን ስለ መሄድ

እንደሚታወቀው አብዛኞቻችን የኅብረቱ አባላት ባሕርን በዓይናችን ያየነው ለትምህርት ወደዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ነው። ያደግነው ደጋ ላይ ነው። ከውኃ ጋር የነበረን ትውውቅ ከወንዝ፣ ቢበዛም ከሐይቅ አያልፍም። ስለሆነም ከሁለት ዓመት በፊት ጥቂቶቻችን ገንዘብ አዋጥተን ሁለት ያገለገሉ የሰርፍ ሳንቃዎች፣ እዚህ «ገልሻን» የሚሏቸውን፣ በገዛን ጊዜ ነገሩን እንደ ቀልድ የቆጠሩት ብዙዎች ነበሩ። ትምህርት በሌለበት አርብ ጧት ወደ ተል አቪቭ የሒልተን ባሕር ዳርቻ የሚወርዱት አባላት ባለፈው ኅዳር አሥራ አንድ ደርሰው ነበር። አሁን ስምንት ናቸው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ሦስቱ የቀሩበት ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአባሎቻችን አንዱ ስድስት ሳምንት ሙሉ በተሰበረ ማዕበል አረፋ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ዳር መሄድን ሲለማመድ ቆየ። በጥር ወር አንድ ጧት ገና ወዳልተሰበረው ማዕበል ወጣ። ያስተማርነውንም አንድ በአንድ ፈጸመ፤ ፊቱን ወደ ዳር መልሶ ቀዘፈ፣ ብድግ አለ፣ ቀጥ ብሎ ወረደ። የሳንቃው አፍንጫ ውኃው ውስጥ ተተከለ፣ እሱ ወደ ፊት ተወረወረ፣ ሳንቃው ተመልሶ ቅንድቡን መታው። አምስት ቦታ ተሰፋ። በሚቀጥለው አርብ እሱና ሌሎች ሁለት አባላት አልመጡም። «ይህ የባሕር ልጆች ሥራ ነው» አሉን።

ጉዳዩን ተቀምጠን ስንመረምረው ግን የደረስንበት ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነው። ለጓዳችን የጎደለው ድፍረት አልነበረም፣ የተፈጥሮ ስጦታም አልነበረም። ጥፋቱ የኛ የአስተማሪዎቹ ነው። በአረፋ ላይ ትክክል የሆነው ነገር ባልተሰበረ ማዕበል ላይ ስሕተት መሆኑን አልነገርነውም። እንግዲህ ግለ ሂሳችንን ወደ ትምህርት ለመለወጥ እንሞክር።

በመጀመሪያ ማዕበሉን እንወቅ። በጥልቁ ባሕር ላይ ወደ ፊት የሚጓዘው ጉልበቱ እንጂ ውኃው አይደለም፤ ውኃው እዚያው ሥፍራው ላይ ከፍና ዝቅ እያለ ይዞራል። ማዕበሉ ጥልቀት ወደሌለው ሥፍራ ሲደርስ ግርጌው ይዘገያል፣ አናቱ ይቀድማል፣ በመጨረሻም ይደረመሳል። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ማዕበል የውኃው ጥልቀት 1.3 ሜትር ገደማ በሆነበት ቦታ ይሰበራል። የባሕሩ ወለል ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ወለል እኩል አይደለም። አሸዋው አንድ ቦታ ይከመራል፣ ሌላ ቦታ ይጎደጉዳል፤ የክረምቱ ሞገድም እየደጋገመ ያዛውረዋል። ስለዚህ ማዕበሉ አስቀድሞ አሸዋው በተከመረበት ይሰበርና ከዚያ ስብራቱ ወደ ጎን ይጓዛል። መጀመሪያ የሚሰበርበትን ሥፍራ «መነሻ»፣ ገና ያልተሰበረውን ሩቁን ጎን «ትከሻ»፣ በመካከላቸው የቆመውን ለስላሳ ቁልቁለት «ተዳፋት» እንበለው። ትምህርቱ በሙሉ ስብራቱን እየቀደሙ በተዳፋቱ ላይ ወደ ትከሻው መሄድ ነው።

ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሰው ምን ይሆናል? ተዳፋቱን በቅጽበት ጨርሶ ግርጌው ላይ ካለው ጠፍጣፋ ውኃ ይደርሳል። እዚያ ቁልቁለት ስለሌለ ፍጥነት የለም፤ ሳንቃው ሲዘገይ ማዕበሉ ከኋላ ይደረመስበታል። ይህም ዕድለኛ ከሆነ ነው። ተዳፋቱ ገደል ከሆነበት እንደ ጓዳችን አፍንጫው ይተከላል። በደጋ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የተጫነ በቅሎ ቁልቁለት ሲወርድ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ገመገሙን በአግድም እየቆረጠ ነው። ልዩነቱ ይህኛው ቁልቁለት ራሱ ወደ ላይ የሚነሣ መሆኑ ነው። በተዳፋቱ ላይ ውኃው ከሥር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በአግድም የያዘ ሳንቃ ያለማቋረጥ እየወረደ እዚያው ከፍታ ላይ ይቆያል፤ ወደ ላይ በሚወጣ የኤሌክትሪክ ደረጃ ላይ ቁልቁል እንደሚራመድ ሰው ማለት ነው።

ሒሳብ ለሚወዱ አባላት ጥቂት እንጨምር። ማዕበሉ በተባለው ጥልቀት የሚጓዘው በሴኮንድ 3.6 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜትር ወደ ዳር በገፋ ቁጥር ስብራቱም አንድ ሜትር ወደ ጎን የሚሄድ ከሆነ ነጂው በሰያፍ 1.4 ሜትር መሄድ አለበት። ይህም በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጀማሪ አቅም አያልፍም። ስብራቱ ሦስት ሜትር ወደ ጎን የሚሮጥ ከሆነ ግን በሰዓት 41 ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ የሚደረመሰውንማ አንሥቶ መነጋገርም አያስፈልግ። ጀማሪዎች «አቃተኝ» ከሚሉባቸው ማዕበሎች ብዙዎቹ ማንም የማይችላቸው ናቸው።

በጎን መሄድ የሳንቃውም ጉዳይ ነው። የጥንቶቹ የሃዋይ ሳንቃዎች ከሥራቸው ክንፍ ስላልነበራቸው በሰያፍ ሲያዙ ጅራታቸው ይንሸራተት ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቶም ብሌክ ከሳንቃ ጅራት ሥር ክንፍ ገጠመ፤ ሳንቃ በተዳፋት ላይ መሥመሩን አጥብቆ ሊይዝ የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። (ሰርፍን ወደዚህ አገር ያመጣው ዶሪያን ፓስኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ ዘመኑም 1956 እ.ኤ.አ. ነበር።) ስለሆነም የክንፎቹን ብሎን ሳያጠብቁ ውኃ መግባት ከዚያ ዘመን በፊት ወደነበረው መመለስ ነው። ለጀማሪ የሚሻለው ላዩ ለስላሳ የሆነ ከ8 እስከ 9 ጫማ ርዝመት ያለው ሳንቃ ነው። አጭሩ ሳንቃ ያምራል፤ ይቆየን።

ወደ ተግባር እንለፍ። ከመግባታችን በፊት አሥር ደቂቃ አሸዋው ላይ ተቀምጠን ማዕበሉን ማየት አለብን። (ይህን አሥር ደቂቃ ያከበረ አባል እስካሁን አልተገኘም፤ ጸሐፊዎቹንም ጨምሮ።) መነሻው የት ነው? ስብራቱ የሚሄደው ወደ ግራ ነው ወይስ ወደ ቀኝ? ግራና ቀኝ የሚባለው ፊቱን ወደ ዳር ባዞረ ነጂ ዓይን ነው። በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴን ሳይሆን የዚህን አገር ክረምት ማለታችን ነው፣ በሜዲትራኒያን በሁለት ማዕበሎች መካከል ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሴኮንድ ነው። በታላላቆቹ ውቅያኖሶች ከሩቅ የሚመጣው ግን 12 ሴኮንድና ከዚያም በላይ ይሆናል። የኛው አጭር ማዕበል ድንገት ይነሣል፣ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። ጧት ነፋሱ ከምሥራቅ፣ ከየብስ በኩል ቀስ ብሎ ሲነፍስ ተዳፋቱ ይለሰልሳል፤ ከሰዓት በኋላ ከባሕር የሚነሣው ነፋስ ያጎሳቁለዋል። በማለዳ የምንወርደው ለዚህ ነው እንጂ እንቅልፍ ጠልተን አይደለም።

አሁን ከዋናው ነጥብ ደረስን። ጀማሪው በመጀመሪያ መቆም፣ ከዚያ መታጠፍ እንዳለበት ያስባል። እኛም ያስተማርነው እንዲሁ ነበር። መሠረታዊው ስሕተት ይህ ነው። በአጭር ማዕበል ላይ ከቆሙ በኋላ ለመታጠፍ የሚተርፍ ጊዜ የለም። አቅጣጫ የሚወሰነው ገና በሆድ ተኝተው ሳሉ ነው።

ወደ ቀኝ የሚሄድ ማዕበል እንውሰድ። ማዕበሉ ሲቀርብ የሳንቃውን አፍንጫ ጥቂት ወደ ቀኝ እናዞራለን፤ በሰዓት ገጽ ላይ ዳሩ 12 ቁጥር ቢሆን አፍንጫው 1 ቁጥርን ያያል። አጥብቀን እንቀዝፋለን። ጅራቱ ከፍ ማለት ሲጀምር ብዙዎቻችን ቀዘፋውን እንተዋለን፤ መተው አይገባም። ሁለት ቀዘፋ ይጨመራል፣ የመጨረሻው በግራ እጅ ጠንከር ያለ ይሆናል። በዚያው ቅጽበት ዓይን ወደ ማዕበሉ ትከሻ ይሄዳል። መዳፎች ከደረት ሥር ሳንቃው ላይ ያርፋሉ፣ የቀኙ ጫን ይላል፣ የሳንቃው ቀኝ ጠርዝ ተዳፋቱን ይነክሳል። ብድግ የሚባለው ከዚህ በኋላ ነው፤ በጉልበት ሳይንበረከኩ፣ በአንድ ጊዜ።

የዓይኑን ነገር ብንደጋግም አትሰልቹ። እግሩን የሚያይ ይወድቃል፤ ዳሩን የሚያይ ወደ ዳር ይሄዳል። ራስ ሲዞር የሰውነት ትከሻ ይከተላል፣ ወገብ ይከተላል፣ ሳንቃውም ይከተላል። አንዲት አባላችን ሦስት ሳምንት ያቃታት ነገር በአንድ ጧት የተፈታላት፣ ሌላ ምንም ሳንለውጥ፣ በስተደቡብ የምትታየውን ከተማ አሳይተን «ያፎን እያየሽ ተነሺ» ባልናት ጊዜ ነው።

ከቆሙ በኋላ ጉልበት ይታጠፋል፣ ጀርባ ግን አይጎብጥም። ግራ እግሩን የሚያስቀድም ሰው ወደ ቀኝ ሲሄድ ደረቱ ወደ ማዕበሉ ይዞራል፤ ጠርዙን የሚጫነው በእግሩ ጣቶች በኩል ነው። ወደ ግራ ሲሄድ ጀርባው ወደ ማዕበሉ ስለሚሆን በተረከዙ ይጫናል። ቀኝ እግሩን የሚያስቀድም ሰው የዚህ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ደረት ወደ ማዕበሉ የሚሆንበትን ጎን መልመድ ይቀላል። ሳንቃው ከዘገየ ክብደት ወደ ፊት እግር፣ አፍንጫው ሊሰጥም ከቃጣው ወደ ኋላ እግር ይተላለፋል። ሥፍራችን የተዳፋቱ የላይኛው ግማሽ ነው። ወደ ግርጌ ከወረድን ፍጥነት ያልቃል፤ ወደ ትከሻው ከመጠን በላይ ከቀደምን ደግሞ ቁልቁለቱ ይጠፋና ማዕበሉ ከሥራችን ያልፋል። ከአረፋው እየሸሹ ከአረፋው አለመራቅ፤ ይህ ቅራኔ በንድፈ ሐሳብ አይፈታም፣ መቶ ጊዜ ወድቆ እንጂ።

በጎን መሄድ ስንጀምር ከሌሎች ሰዎች ጋር መገናኘታችን አይቀርም። ስለዚህ በየባሕሩ የታወቀው ደንብ ይከበር፦ ለመነሻው ቅርብ የሆነው ሰው ቅድሚያ አለው፣ ሌላው ማዕበሉን ይተዋል። ስንወድቅ በራሳችን አንወድቅም፤ ከውኃ ስንወጣም ራሳችንን በሁለት እጃችን ሸፍነን ነው። ጓዳችን ይህን ተነግሮት ቢሆን ኖሮ ቅንድቡ በተረፈ ነበር። ከሞገድ መከላከያ ድንጋዮች ጎን ወደ ባሕር የሚስብ ጅረት ሊኖር ይችላል። ጅረት የያዘው ሰው ፊት ለፊት አይታገለው፤ ሳንቃውን ሳይለቅ፣ ከድንጋዩ እየራቀ፣ ከዳሩ ጋር ትይዩ ይቅዘፍ። ዋና የማያውቅ አባል፣ ይህን ሳናለሳልስ እንላለን፣ ወገብ ከሚደርስ ውኃ አያልፍም።

ልምምዱም ከእንግዲህ ይለወጣል። በአረፋው ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ ሁለት ሳምንት ይበቃል። ከዚያ እዚያው አረፋ ላይ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ በሰያፍ መያዝ ይጀመራል፤ ቀጥሎም ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ጉልበት የሚደርስ ትንሽ ማዕበል እየተመረጠ፣ አንዱ የሳንቃውን ጅራት በሰያፍ ይዞ ይገፋል፣ ሌላው ይነሣል።

የጓዳችን ቁስል ድኗል። ባለፈው አርብ ልብሱን ሳያወልቅ መጥቶ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ሲያየን ዋለ። ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብቦ «ወደ ቀኝ ከሆነ እሞክራለሁ» ብሎናል። በሚቀጥለው አርብ ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ጅራቱን እኛ እንይዝለታለን፣ እሱ ያፎን ያያል።