ዘይቱን በጀሪካን አትለካው

ልጄ፣ ቪትዝ መግዛትህን ስሰማ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ቤንዚን አትበላም፣ በጠባብ መንገድ ትሹለከለካለች፣ መለዋወጫዋንም ሶማሌ ተራ አታጣውም። ሰው ግን «ቪትዝ ምን ትሆናለች» እያለ ሲገድላት ዕድሜዬን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ሆኜ አይቻለሁ። እኔ ዘንድ ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹን የጨረሳቸው ግጭት አልነበረም፤ ዘይት ነበር። ወይ አንሶ፣ ወይ በዝቶ፣ ወይ የማይሆን ዘይት ተደርጎባቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ደግሞ የያዝከውን ሞተር ዕድሜ ማስረዘም ግዴታህ ሆኗል። አንተ መኪናህን እንደምትወዳት አውቃለሁ። ነገር ግን ችኩል ነህ፤ ኮፈኑን የምታየው መካኒክ ሲከፍትልህ ብቻ ነው። እስቲ ረጋ ብለህ አንብብ።

1. ሞተርህን በስሙ እወቀው። «ቪትዝ አለችኝ፣ ዘይት ስጡኝ» ማለት በቂ አይደለም። ኮፈኑን ክፈትና የሻንሲ ቁጥሩና ሞዴሉ የተጻፈበትን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ፈልግ፤ የሞተሩ ዓይነትም እዚያው አለ። 996 ሲሲ ሆና ሦስት ሲሊንደር ያላት 1ኬአር ናት። «አንድ ነጥብ ሦስት» ከሚሏቸው ውስጥ ደግሞ 1298 ሲሲዋ 2ኤንዜድ ስትሆን 1329 ሲሲዋ 1ኤንአር ናት። በአፍ አንድ ቢባሉም የሚጠጡት ዘይት ልኩ ይለያያል። ዓይነቱን ስልክህ ላይ ጻፈው። መኪናዋ ከጃፓን ዞራ ስለመጣች መጽሐፏ በጃፓንኛ ነው ብለህ አትተወው፤ ቁጥሩ በየትኛውም ቋንቋ ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ የዘይት መሙያው ክዳን ላይ ራሱ የዘይቱ ዓይነት ተቀርጾ ታገኘዋለህ።

2. ልኩን የሚወስነው ሞተርህ ነው፤ ጀሪካኑ አይደለም። ከምነግርህ ሁሉ ይህን አንዱን ብትይዝ ይበቃኛል። ገበያ ላይ ያለው ዘይት ባብዛኛው በ4 ሊትር ጀሪካን ይመጣል። 4 ሊትር ለሻጭ የሚመች ልክ ነው እንጂ ያንተን ሞተር አይቶ የሰፈረው የለም። 1ኬአር ከነፊልትሮው ሲቀየር የሚወስደው 3.1 ሊትር ገደማ ነው። 1ኤንአር 3.4፣ 2ኤንዜድ 3.7 ሊትር ይወስዳሉ። እንግዲህ ባለ 996 ሲሲዋ ላይ ጀሪካኑ እስኪንጠፈጠፍ ቢገለበጥ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ትርፍ ገባ ማለት ነው። ባለመኪናው «የከፈልኩበት ለምን ይተርፋል» ይላል፤ ዘይት ቀያሪው «ደንበኛዬ ይቀየመኛል» ይላል፤ ዕዳውን ሞተሩ ይከፍላል።

ትርፉ ዘይት ምን እንደሚያደርግ ልንገርህ። ከታች የሚሽከረከረው ክራንክሻፍት ይደርስበትና እየመታ አረፋ ያደርገዋል። ፓምፑ ያንን አረፋ ሲስብ አብሮ አየር ይልካል፤ አየር ደግሞ ብረትን ከብረት አያላቅቅም። ግፊቱ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በጎማ ማኅተሞቹ በኩል እየገፋ ያንጠባጥበዋል። በመተንፈሻው ቱቦ አድርጎም ወደ ሲሊንደር ይገባና ይቃጠላል፤ ያኔ ማርሚታው ሰማያዊ ጭስ መትፋት ይጀምራል። ባለቤቱም «የፒስተን ቀለበት አልቋል» ተብሎ ሞተር ለማስወረድ ይዋዋላል። እኔ ጭስ ያለባት መኪና ስትመጣ መጀመሪያ የማወጣው የዘይት መለኪያውን ነው። ትርፉ ስለተቀነሰላት ብቻ ጭሷ የጠፋ መኪና አይቻለሁ፤ ባለቤቷም ለሞተር ሥራ ያዘጋጀውን ገንዘብ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ፊልትሮ ሳይቀየር ዘይት ብቻ ከተቀየረ ልኩ ይቀንሳል፤ 2ኤንዜድ ላይ ለምሳሌ ከ3.7 ወደ 3.4 ይወርዳል። የተረፈህን ክዳኑን አጥብቀህ አስቀምጠው። ሲጎድል የምትጨምረው ከራሱ ዓይነት ይሆንልሃል።

3. መለኪያውን በገዛ እጅህ አውጣ። ሞተሩ ይሙቅ፤ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመህ አጥፋትና ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቅ። ዳገት ላይ የቆመች መኪና ትዋሻለች። መለኪያውን አውጥተህ ጥረገው፣ እስከ ጥግ መልሰህ አስገባው፣ ከዚያ እንደገና አውጥተህ አንብብ። ሁለት ምልክት አለው፤ በመካከላቸው ያለው በብዙ ሞተሮች ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ይሆናል። ዘይቱ በሁለቱ መሃል ካለ ሰላም ነው። ወደ ታችኛው ከተጠጋ ጥቂት ጨምር። ከላይኛው ካለፈ አስቀንስ። አዲስ ዘይት ሲሞላም ከልኩ ሩብ ሊትር ያህል አስጎድለህ ጀምር፤ ሞተሩ ተነስቶ ፊልትሮው ይሙላ፣ አጥፍተህ ለካ፣ ከዚያ የጎደለውን ጨምር። ለመጨመር ሁልጊዜ ጊዜ አለህ፤ ለመቀነስ ግን ቡሎን መፍታት አለብህ።

መልኩንም እየው። መጥቆሩ አያስደንግጥህ፤ ዘይት የሞተሩን እድፍ ሲያነሳ ይጠቁራል። ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ግን ውሃ ገብቶበታልና መኪናዋን አታንቀሳቅሳት።

4. ውፍረቱን በወሬ አትምረጥ። ጀሪካኑ ላይ 5ደብሊው-30 የሚል ታያለህ። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ያሳያል፤ 5 የሚባለው የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ ነው። እንዲህ ያለ ብርድ ደብረ ብርሃንም የለም። ስለዚህ በ0 እና በ5 መካከል ብዙ አትጨቃጨቅ። የኋለኛው ቁጥር ግን ሞተሩ ሲግል፣ በ100 ዲግሪ ያለውን ውፍረት ይናገራልና እሱን ጠብቅ። የነዚህ ሞተሮች የቫልቭ ሰዓት ማስተካከያ፣ ቪቪቲ-አይ የሚሉት፣ የሚሠራው በራሱ በዘይቱ ግፊት ነው፤ ዘይቱም የሚሄድበት መንገድ ቀጭን ነው። 20ደብሊው-50 ሲደረግበት ጠዋት ጠዋት እየተጎተተ ይደርሳል፤ ሞተር ደግሞ በብዛት የሚበላው ገና ሲነሳ ባሉት ሰኮንዶች ነው። እርግጥ ነው፣ አምራቹ ለሙቅ አገር ወፈር ያለ የሚፈቅድበት ጊዜ አለ። ሰመራ ወይም ድሬዳዋ የምትውል መኪና አዲስ አበባ ከምታድረው ትለያለች። መጽሐፉ ከፈቀደ እሺ፤ ጎረቤትህ ስለነገረህ ግን አይሁን። ሞተር ዘይት ሲበላ «ወፍራም አድርግበት» የሚሉህም ድምፁን ያለዝቡልህ ይሆናል፣ በሽታውን ግን አያድኑትም። መኪና ሊሸጥ ሲል ወፍራም ዘይት የሚሞላ ሰው ስላለ፣ ወደፊት ስትገዛም ይህን አስታውስ።

5. ፊደሉንም አንብብ። ኤፒአይ ከሚለው ቀጥሎ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጡ ናቸው። አዲሱ ለአሮጌ የቤንዚን ሞተር ይሆናል፤ አሮጌው ግን ለአዲስ ሞተር አይበቃም። ለጭነት መኪና ከተገዛ በርሜል «ትንሽ ልቅዳልህ» የሚልህን ወዳጅ አመስግነህ እለፈው።

6. ከምታውቀው ቦታ ግዛ። ተመሳስሎ የሚሞላ ዘይት አለ። ከነዳጅ ኩባንያው ማደያ ወይም ከታወቀ አከፋፋይ ውሰድ፤ የክዳኑ ማኅተም ዓይንህ እያየ ይከፈት። ዋጋው ከሌላው በጣም ከወረደ አትቸኩል። ባዶውን ጀሪካን ደግሞ እዚያ ጥለህ አትሂድ፤ ነገ ሌላ ነገር ተሞልቶበት ለሌላ ሰው ይሸጣል።

7. ሲቀየር አጠገቡ ቁም። አንዳንዱ ልጅ ቸኩሎ የሞተሩን ትቶ የካምቢዮውን ቡሎን ይፈታል። ካምቢዮው ባዶውን ይቀራል፣ ሞተሩ ላይ ደግሞ አዲስ በአሮጌ ላይ ይሞላል፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ይጎዳሉ። የወጣው ዘይት ጥቁር መሆኑን እይ። ፊልትሮው ሲገባ ጎማው በዘይት ተቀብቶ በእጅ ይጥበቅ። የማፍሰሻው ቡሎን ቀለበት ይቀየር። ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚያድነው ሞተር ነው።

8. ኪሎ ሜትሩን ብቻ አትቁጠር። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይር፤ ባይሞላም ስድስት ወር አታሳልፍ። በሜክሲኮና በመገናኛ መጨናነቅ ውስጥ ቆማ የምትሠራ መኪና ቆጣሪዋ ሳይንቀሳቀስ ዘይቷ ይደክማል። አጭር መንገድ እየተነዳች ሳትሞቅ የምትጠፋም እንደዚሁ፤ ቤንዚንና እርጥበት ከዘይቷ ጋር ይደባለቃል። አቧራ መንገድ የምትውል ከሆነ ከዚያም ቀደም አድርግ።

9. ቀዩ መብራት ሲበራ ቁም። ዳሽቦርዱ ላይ የዘይት ማሰሮ የምትመስለው ቀይ ምልክት የምትበራው ዘይቱ ሲቀንስ አይደለም፤ ግፊቱ ሲጠፋ ነው፤ ያ ደግሞ እጅግ ዘግይቷል። ዓባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ስትሻገር፣ ወይም ጣርማ በር ላይ፣ ዘይቱ ያነሰበት ሞተር በዳገቱና በመታጠፊያው ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽበት ፓምፑ አየር ይስባል። መብራቷ ብልጭ ብትል «ማደያ እስክደርስ» አትበል፤ ጥግ ይዘህ ወዲያው አጥፋ። ሦስት ደቂቃ መንዳት ብሮንዚኑን ሊጨርሰው ይችላል። ሩቅ መንገድ ከመውጣትህ በፊት በነበረው ምሽት መለኪያውን እይ፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ በሳምንት አንዴ ይበቃሃል።

10. አሮጌውን ዘይት ቦይ ውስጥ አታፍስስ። ቤትህ ደጃፍ ያለው ቦይ ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል፤ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ይገባል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። በዳርቻው በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይበቅላል፤ ያ አትክልት ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል። ይዘህ የመጣኸው ባዶ ጀሪካን ለዚህ ይሁንህ፤ አሮጌውን ቅዳበት፣ ክዳኑን አጥብቀህ ዝጋ፣ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ አድርስ።