የታመመ የወርቅ ዓሣ እንክብካቤ

ትምህርት ዘጠኝ

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።
1. መናገር የማይችል እንስሳ መታመሙ በምን ይታወቃል?
2. የቧንቧ ውሃ ለሰው ተስማሚ ሆኖ ሳለ ዓሣን ሊጎዳ የሚችለው ለምን ይመስላችኋል?

ምንባብ

የወርቅ ዓሣ ጥንተ መገኛው ቻይና ነው። ከአንድ ሺሕ ዓመት በፊት ቻይናውያን በኵሬ ከሚኖሩት ግራጫማ ዓሦች መካከል ወርቃማና ቀይ ሆነው የተገኙትን እየመረጡ በማርባት ይህን ዝርያ አስገኙ። ዓሣው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ገባ፤ ከዚያም በብዙ አገሮች የቤት ጌጥና ወዳጅ ሆነ። በሚገባ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። በእንግሊዝ አገር በ1956 እ.ኤ.አ. በጨዋታ ሽልማት የተገኘ አንድ የወርቅ ዓሣ እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ድረስ 43 ዓመት ኖሯል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሳይጨርሱ ይሞታሉ። ለዚህም ዋነኛው ምክንያት የሚኖሩበት ውሃ መበላሸት ነው።

ዓሣ እንደ ውሻ አይጮኽም፤ ሕመሙን የሚገልጸው በአኳኋኑ ነው። ጤነኛ የወርቅ ዓሣ መቅዘፊያ ክንፎቹን ዘርግቶ ይዋኛል፤ ምግብ ሲያይም ፈጥኖ ይቀርባል። የታመመው ግን ክንፎቹን ከገላው ጋር ያጣብቃል፤ ከገንዳው ሥር ይተኛል ወይም ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፤ ምግብም ይተዋል። አንዳንድ ጊዜ በክንፎቹ ላይ ቀያይ መስመሮች ይታያሉ።

አንድ ተማሪ ጠዋት ሲነሣ ዓሣው በውሃው ገጽ ላይ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አገኘው እንበል። የራበው መስሎት ምግብ ይጨምርለታል። ዓሣው ግን አየር አጥሮት እንጂ ርቦት አይደለም። ያልተበላው ምግብ በውሃው ውስጥ ሲበሰብስ የቀረውን ኦክሲጅን ይሻማል፤ መርዝም ይጨምራል። ርኅራኄ ያለ ዕውቀት ዓሣውን ሊገድለው የሚችለው በዚህ ዓይነት ነው።

መርዙ አሞኒያ ይባላል። ዓሣ ይህን ቆሻሻ በአብዛኛው የሚያስወግደው በመተንፈሻው ማለትም በስንጥቡ በኩል ነው። በማጣሪያው፣ በጠጠሩና በገንዳው ግድግዳ ላይ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትንም ጉዳቱ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት ይለውጣሉ። አዲስ በተዘጋጀ ገንዳ ውስጥ ግን ባክቴሪያዎቹ ገና ስላልተራቡ መርዙ ይጠራቀማል። ውሃው ጥርት ብሎ ስለታየ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ አሞኒያ በዓይን አይታይምና።

ስለዚህ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ውሃውን መመርመር ያስፈልጋል። መጀመሪያ ምግብ ይቋረጣል፤ ዓሣ ጥቂት ቀን ባይበላ አይጎዳም። ቀጥሎም ከውሃው ሩብ ወይም ግማሽ ያህሉ ተቀድቶ በአዲስ ይተካል። ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ዓሣውን ስለሚያስጨንቀው አዲሱ ውሃ ከነባሩ ጋር ተቀራራቢ ሙቀት ሊኖረው ይገባል። በቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚገኘው ክሎሪን ስንጥብን ስለሚያቃጥልና ባክቴሪያዎቹን ስለሚገድል ውሃው አፈ ሰፊ በሆነ ዕቃ ለ24 ሰዓት ያህል ተከፍቶ ይቆያል። ክሎራሚን የተጨመረበት ውሃ ግን በማቆየት ብቻ ስለማይጠራ ማርከሻ ያስፈልገዋል። ማጣሪያውም ቢሆን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ይለቀለቃል እንጂ በቧንቧ ውሃ አይታጠብም።

አየርም ሊታሰብበት ይገባል። ውሃ ሲሞቅ በውስጡ የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። የቦታ ከፍታም እንዲሁ ይቀንሰዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ በዚያ የሚኖር ውሃ በባሕር ዳርቻ ካለ እኩል ሙቀት ካለው ውሃ በሩብ ገደማ ያነሰ ኦክሲጅን ይይዛል። ስለዚህ በደጋ አገር አፈ ጠባብ ብርጭቆ ለዓሣ ማኖሪያነት አይመረጥም፤ አፈ ሰፊ ገንዳና አየር የሚነፋ መሣሪያ ይሻላል።

ውሃው ከተስተካከለ በኋላም ሕመሙ ከቀጠለ ምልክቱን መለየት ይገባል። በገላና በክንፍ ላይ የጨው ቅንጣት የሚመስሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ከታዩ ጥገኛ ተሕዋስያን ገብተዋል ማለት ነው። መድኃኒቱ እነዚህን የሚገድላቸው ከዓሣው ገላ ወጥተው በውሃው ውስጥ ሲዋኙ ብቻ ነው። ነጠብጣቡ ጠፋ ብሎ ሕክምናውን ማቋረጥ ስሕተት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ተሕዋስያኑ ከዓሣው ወርደው ሊራቡ ነውና። በርቢ ወቅት ግን በወንዱ ዓሣ የስንጥብ ክዳን ላይ ነጫጭ ነጥቦች ይወጣሉ፤ ይህ በሽታ አይደለም።

ሆዱ ድሮ ሚዛኑን የሳተ ዓሣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ከጾመ በኋላ ልጣጩ የተገፈፈ የተቀቀለ አተር በጥቂቱ ቢሰጠው ሊሻለው ይችላል። በአንድ ሊትር ውሃ ከ1 እስከ 3 ግራም ጨው ማሟሟትም የናይትራይትን ጉዳት ይቀንሳል። ጨው ግን ለሁሉም በሽታ ፈውስ አይደለም። ለሰው የታዘዘ ክኒን ደግሞ በግምት አይሰጥም፤ የእንስሳት ሐኪም ይጠየቃል።

የታመመን ዓሣ «ይዳን» ብሎ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መልቀቅ ትልቅ ጥፋት ነው። በሽታው ለሌሎች ይተላለፋል። ቢድንም ከነባሮቹ ዓሦች ጋር ምግብ ይሻማል፤ ሥሩንም እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል። እንደ ጣና ባሉ፣ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዓሦች በሚኖሩባቸው ሐይቆች ይህ ጉዳት በቀላሉ አይታረምም።

«አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ፣ ድስት ጥዶ ከማልቀስ» እንደሚባለው፣ ዓሣ ለማኖር የሚፈልግ ሰው ዓሣውን ከማምጣቱ በፊት ገንዳውንና ውሃውን ማዘጋጀት አለበት። ዓሣው ውሃው ሲበላሽ ወደ ሌላ ውሃ መሄድ አይችልም፤ ሕይወቱ በአኗሪው እጅ ናትና።

መልመጃ አንድ
ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. ጥርት ብሎ የሚታይ ውሃ ዓሣን ሊገድል የሚችለው እንዴት ነው?
2. ተማሪው ለዓሣው ምግብ መጨመሩ ለምን ጎጂ ሆነ?
3. ነጫጭ ነጠብጣቦቹ ከጠፉ በኋላ ሕክምናው ለምን ይቀጥላል?

መልመጃ ሁለት
የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍች ከገለጻችሁ በኋላ ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
ሀ. ስንጥብ  ለ. ጥገኛ  ሐ. ማርከሻ  መ. ይሻማል

መልመጃ ሦስት
«ርኅራኄ ያለ ዕውቀት ሊጎዳ ይችላል» በሚል ርእስ፣ ከአካባቢያችሁ ምሳሌ በመውሰድ፣ ሁለት አንቀጽ ጻፉ።