አውራጅና ተቀባይ፦ ባህላዊ ዘፈን በአካል ጉዳተኛ ወጣቶች የሙዚቃ ሥራ

መግቢያ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 ሥር አንድ ግልጽ መርሕ አስፍሯል። ይኸውም አካል ጉዳተኞች የፈጠራ ችሎታቸውን ለራሳቸው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡን ለማበልጸግም እንዲያውሉት ዕድል ይመቻችላቸው የሚል ነው። በዚህ መርሕ ሲመዘን ወጣቶቹን በዘፈን ማዝናናት ብቻውን በቂ አይሆንም። ይህ ጽሑፍ የባህላዊ ዘፈን አወቃቀር ለመርሑ ተፈጻሚነት የሚሰጠውን ዕድልና የሚጠይቀውን ጥንቃቄ ይመረምራል።

የተቀባይነት ድርሻ

በቡሄ በዓል የሚዘፈነው ሆያ ሆዬ ሁለት ድርሻዎች አሉት። አውራጁ ግጥሙን ያወርዳል፤ ተቀባዮቹ በዱላቸው መሬቱን እየመቱ አጭር ምላሽ ይሰጣሉ። ምላሹ አጭርና ተደጋጋሚ በመሆኑ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ወጣት ሊይዘው፣ ተራውንም አስቀድሞ ሊጠብቅ ይችላል። መናገር የማይችል በዱላ ምት ይቀበላል፤ መስማት የተሳነው ደግሞ የከበሮውን ንዝረት በእጁ እየዳሰሰ በምልክት ቋንቋ ይመልሳል።

ክራርም ተመሳሳይ ጠቀሜታ አለው። አስቀድሞ በትዝታ ወይም በባቲ ከተቃኘ፣ ክፍት አውታሮቹ በሙሉ የቅኝቱ ድምፆች ናቸው። ስለሆነም የጣቶቹ እንቅስቃሴ የተገደበ ወጣት በግርፍ ስልት ሲጫወት ከቅኝቱ አይወጣም።

የአውራጅነት ጥያቄ

ዋናው ፈተና የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። በሆያ ሆዬ አዲስ ስንኝ የሚፈጥረው፣ የቤቱን ባለቤት የሚያወድሰውና የሚያሽሟጥጠው አውራጁ ነው። አሠልጣኙ ይህን ድርሻ ለራሱ ከያዘ፣ ወጣቶቹ ተሳታፊ ቢመስሉም ፈጠራው ከእነርሱ እጅ አይገባም። ስለዚህ አውራጅነቱ በተራ ሊዳረስ ይገባል። ፈጥኖ መግጠም የሚከብደው ወጣት ስንኙን በበርካታ ክፍለ ጊዜያት ያዘጋጃል፤ አንደበቱ የማይታዘዝለት የመረጠውን ስንኝ በስልክ አስቀድቶ፣ ተራው ሲደርስ ራሱ ያሰማል። ተቀባዮቹም እስኪጨርስ ይታገሡታል።

የዘፈን መረጣውም ጥንቃቄ ያሻዋል። ከቃል ግጥሞች መካከል የአካል ጉዳትን ለስድብ የሚጠቀሙ አሉ፤ እነዚህን ወጣቶቹ ራሳቸው እንዲመረምሩና እንዲለውጡ ማድረግ የትምህርቱ አካል ሊሆን ይችላል። ለጎልማሳነት ለተቃረቡ ወጣቶችም ከሕፃናት ጨዋታ ይልቅ የሠርግና የሥራ ዘፈኖች ይስማማሉ።

ማጠቃለያ

ባህላዊ ዘፈን የመቀበልን በር በቀላሉ ይከፍታል፤ የማውረድን በር የሚከፍተው ግን የአሠልጣኙ ውሳኔ ነው። የእንዲህ ያለው ሥራ ግምገማ ስንት ወጣቶች እንደተቀበሉ ከመቁጠር አልፎ፣ ስንቶቹ የራሳቸውን ስንኝ እንዳወረዱ መመዝገብ ይኖርበታል።