ሹመት፣ ቁልፍ፣ ተጠያቂነት፦ ተጫዋቾች የሚያቆሙት መንግሥት

ብዙ ተጫዋቾች አንድ የኦንላይን ዓለም ሲጋሩ ውለው አድረው መንግሥት ያስፈልጋቸዋል። መሬት ይከፋፈላሉ፣ የጋራ ግምጃ ቤት ያቋቁማሉ፣ ይጣላሉ፣ ዳኛም ይሻሉ። ያን ጊዜ አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከማዕረግ ነው፤ ፕሬዚዳንት፣ የመከላከያ ሚኒስትር፣ ዋና ዳኛ እያሉ ይሾማሉ። ማዕረግ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ሹመት በምን እንደሚቆም ነው።

ሹመት በሦስት ነገር ይቆማል። አንደኛው ሥራው ነው፤ ሹሙ ምን እንዲያደርግ ተሾመ? ሁለተኛው ቁልፉ ነው፤ ማለትም ኮምፒዩተሩ የሚታዘዝለት ሥልጣን፦ ተጫዋች ማገድ፣ ከግምጃ ቤት ማውጣት፣ ኅብረቱን ማፍረስ። ሦስተኛው ተጠያቂነቱ ነው፤ ማን ይሾመዋል፣ ለማን መልስ ይሰጣል፣ በምን ይሻራል? ሦስቱ ካልተመጣጠኑ መንግሥቱ አይጸናም።

ቁልፍ ያለ ተጠያቂነት ሲቀር ምን ይሆናል? ላምዳሙ የተባለውን በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ ዓለም እንመልከት። መሥራቹ ፓቬል ከርቲስ በካሊፎርኒያ የዜሮክስ ምርምር ማዕከል ይሠራ ነበር። ዓለሙን የሚያስተዳድሩት ቁልፍ ያዦች «ጠንቋዮች» ይባሉ ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. ከርቲስ ጠንቋዮቹ ከእንግዲህ ቴክኒሺያን ብቻ እንደሚሆኑና በተጫዋቾች ጠብ ውስጥ እንደማይገቡ አስታወቀ። በቀጣዩ ዓመት አንድ ተጫዋች በሌሎች ገጸ ባሕርያት ላይ በጽሑፍ ጾታዊ ጥቃት ፈጸመ። ነዋሪዎቹ ተሰበሰቡ፣ ለሰዓታት ተከራከሩ፣ ያለ ውሳኔም ተበተኑ። ከዚያ በኋላ አንድ ጠንቋይ ብቻውን ወስኖ የአጥፊውን ገጸ ባሕርይ አጠፋ። ልብ በሉ፤ ጠንቋዮቹ ሥራውን ቢተዉም ቁልፉ በእጃቸው ነበር፤ ሕዝቡ ደግሞ ድምፅ እንጂ ቁልፍ አልነበረውም። በዚህ ምክንያት ከርቲስ የአቤቱታና የሕዝበ ውሳኔ ሥርዓት አቆመ፤ ነዋሪዎች በቂ ፊርማ ካሰባሰቡ ሐሳባቸው ለድምፅ ይቀርባል፣ ካለፈም ጠንቋዮቹ ይፈጽሙታል። በ1996 ግን ጠንቋዮቹ ቴክኒካዊውን ውሳኔ ከማኅበራዊው መለየት እንደማይቻል በይፋ አመኑ።

ቁልፉ ከሥራው ሲበልጥስ? በአይስላንዱ ሲሲፒ ኩባንያ የተሠራው ኢቭ ኦንላይን የጠፈር ጨዋታ ነው፤ በውስጡ ባንድ ኦፍ ብራዘርስ የሚባል ኃያል ኅብረት ነበር። በየካቲት 2009 እ.ኤ.አ. አንድ የኅብረቱ ዳይሬክተር ወደ ጠላት ካምፕ ከዳ። የዳይሬክተርነት ሥልጣኑ ኅብረቱን ለማፍረስ ይበቃ ስለነበር ያለ አንድ ጥይት አፈረሰው። የግዛት ባለቤትነት የተመዘገበው በኅብረቱ ስም በመሆኑ ኅብረቱ ሲፈርስ የግዛት መብቱም አብሮ ጠፋ፤ ጠላቶቹም ስሙን ራሳቸው አስመዘገቡት። ለዓመታት የተገነባው ነገር የፈረሰው በጦር ሜዳ ሽንፈት አልነበረም፤ ለዕለት ተዕለት ሥራ የተሾመ ሰው ሁሉን ማጥፊያ ቁልፍ በመያዙ ነው።

ቁልፍ የሌለው ሹመትስ ከንቱ ነው ቢሉ፣ አይደለም። በ2007 አንድ የሲሲፒ ሠራተኛ በጨዋታው ውስጥ ለራሱ ወገን ማድላቱ ተጋለጠና ተጫዋቾች እምነት አጡ። ኩባንያው በ2008 የተጫዋቾች ምክር ቤት እንዲመረጥ አደረገ። ይህ ምክር ቤት ኮዱን አይነካም፤ ድርሻው ማማከር ነው። ሆኖም በ2011 ተጫዋቾች በጌጣጌጥ ዋጋና በኩባንያው አካሄድ ተቆጥተው ሲያምፁ ሲሲፒ አባላቱን ለአስቸኳይ ስብሰባ ወደ ሬይኪያቪክ ጠርቷል። ምክር ቤቱን ያስከበረው የመራጮቹ ድምፅና ታትሞ የሚወጣው ቃለ ጉባኤው ነው። አባላቱ ግን ምስጢር ለመጠበቅ ስለሚፈርሙ የሚያውቁትን ሁሉ ለመራጮቻቸው መናገር አይችሉም፤ እዚህ ላይ ተጠያቂነቱ ይሳሳል።

እንግዲህ ማይንክራፍት ሰርቨርም ሆነ ሌላ ዓለም የምታስተዳድሩ፣ ደንብ ስትጽፉ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። በመጀመሪያ ጨዋታው የሚሰጣቸውን ቁልፎች በሙሉ ዘርዝሩ። በየቁልፉ ትይዩ ያዡን ጻፉ። ከዚያ ጠይቁ፦ ይህ ሰው ዛሬ ማታ ቢከዳን ነገ ምን ይተርፈናል? መልሱ «ምንም» ከሆነ ቁልፉን ለሁለት ሰዎች ክፈሉት፤ ጨዋታው ይህን የማይፈቅድ ከሆነ የያዡን ዘመን አሳጥሩት፣ ሥራውንም በሁሉም ፊት የሚታይ አድርጉት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለው ሰውን በማወቅ ነው፤ ደንብ ጸሐፊም የሚጽፈው ለደጉ ሹም ብቻ አይደለም። መሻሪያውን መንገድ ከመሾሚያው መንገድ ጎን አስቀምጡት፤ ጠብ ከተነሣ በኋላ የሚጻፍ መሻሪያ ሁልጊዜ ለአንድ ወገን ያደላ ይመስላል።

በመጨረሻም ትልቁን ቁልፍ አትርሱ፤ እሱም ያለው በሰርቨሩ ባለቤት እጅ ነው። ምርጫ ቢደረግ፣ ዳኛ ቢሾም፣ ባለቤቱ ሁሉን በአንድ ትእዛዝ መሻር ይችላል። ይህን መደበቅ ተጫዋቾችን ማታለል ነው። ስለዚህ የደንቡ የመጀመሪያ አንቀጽ ባለቤቱ በምን ጉዳይ እንደሚገባ፣ በምን እንደማይገባ፣ ሲገባም ምክንያቱን የት እንደሚያስታውቅ ይናገር። ሌሎቹ አንቀጾች ሁሉ ክብደት የሚኖራቸው ባለቤቱ ለዚያ አንቀጽ በሚታመነው መጠን ነው።