የተሰበረ የጎማ ብሎን እንዴት ይወጣል?

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በቦሌ፣ በገርጂና በመገናኛ መንገድ ላይ አልፎ አልፎ ያረጁ ቮልሶችንና ላዳዎችን እናያለን። ላዳ በ1962 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት በጣሊያኑ ፊያት 124 አምሳያ መሠራት የጀመረች መኪና ናት። በአዲስ አበባም ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሆና አገልግላለች።

የላዳ እያንዳንዱ ጎማ በአራት ብሎን ይታሰራል። ጭቃና ዝናብ ሲፈራረቁበት ብሎኑ ክረምቱን ደጅ እንደከረመ ማረሻ ይዝጋል። ታዲያ ሠራተኛው ቁልፉን በቱቦ አስረዝሞ ሲቆምበት ብሎኑ ቀጭ ይላል። ራሱ ይወድቃል፤ ሌላው አካሉ ውስጥ ይቀራል።

«ሦስቱ ይበቃል» ብሎ የሚነዳ አለ። ይኼ ትልቅ ጥፋት ነው። የአራቱ ሸክም በሦስቱ ላይ ያርፋል፤ አንዱ ሲላላ ሌሎቹም ይከተላሉ። ተነቅሎ የሚንከባለል ጎማ መንገደኛ ይገድላል።

እንግዲህ እንዴት እናውጣው? በመጀመሪያ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁመን መሬት የሚቀሩትን ጎማዎች በድንጋይ እናግዳለን። በክሪክ ካነሣናት በኋላ ከሥሯ ጠንካራ መደገፊያ እናስገባለን፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። የቀሩትን ብሎኖች ፈተን ጎማውን ስናወርድ ስብርባሪው ብዙ ጊዜ ብቅ ብሎ ይታያል። ዘይት ጠብ አድርገንበት እናሳድረዋለን። ፍሬኑን ግን ዘይት እንዳይነካው፤ ዘይት የነካው ፍሬን ይንሸራተታል። ጠዋት በፒንሳ አጥብቀን ይዘን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ስናመላልሰው ዝገቱ እየተፈረፈረ ይለቃል።

ከውስጥ ተቆርጦ ከሆነስ? ብየዳ የሚያውቅ ሰው በስብርባሪው ላይ ዳዶ ይበይድበታል። ሙቀቱ ዝገቱን ያላቅቃል፣ ዳዶውም ለቁልፍ መያዣ ይሆናል። እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው። ብየዳ ከሌለ ግን የስብርባሪውን መሐል በትራፓኖ በስተን ጥርሱ ወደ ግራ የተቆረጠ ማውጫ እናስገባለን። ወደ ግራ ስናዞረው እየነከሰ ይዞት ይወጣል። እዚህ ላይ ጉልበት አያዋጣም። ማውጫው እጅግ ጠንካራ ብረት ስለሆነ ውስጥ ከተሰበረ ትራፓኖም አይበሳው።

አዲሱ ብሎን ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የላዳ ብሎን ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ አራት ብሎኖቹ ቮልሶች ግን 14 ነው። መጀመሪያ በጣት እናስገባዋለን። በጣት አልሄድ ካለ ጥርሱ አልገጠመምና በቁልፍ አናስገድደውም። አራቱንም ትይዩ ትይዩውን እያፈራረቅን እናጠብቃለን። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳች በኋላ አቁመን እንደገና እንፈትሻቸዋለን።